ጡንቻ በሚያመነምን በሽታ ላይ ዕድሜን መጨረስ፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ይቻላል?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ ርዕሱን ያወጣችው ጠያቂዋ ራሷ ናት። ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚዮሎጂ የምታስተምር ወጣት መምህርት ነች። ማስተርሷን ጨርሳ ሦስተኛ ዲግሪ ልትጀምር ነው። ክሩ ከተከፈተ ጀምሮ እየተከታተልኩት ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ስለ ጓያ የተነሣው ወሬ ላይ ሲደርስ ጥሎት ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ስለሚበልጥ ነው እዚህ የምተርከው። እዚህ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄዋ አጭር ነው። የልጆችን ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያመነምኑትን፣ ዲስትሮፊ የሚባሉትን በሽታዎች ማጥናት ትፈልጋለች። ባልደረቦቿ ሌላ ርዕስ ምረጪ ይሏታል። የምርምር ገንዘብ ያለው ወባ ላይ፣ እናቶች ጤና ላይ፣ ስኳር ላይ ነው ይሏታል። አርአያ ያደረገችውን ሰውም ጠቅሳለች፤ አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ኬቨን ካምቤልን። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ የጡንቻን ሽፋን ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ የሥራ ሕይወት እዚህ፣ ጣና ዳር መኖር ይቻላል ወይ? ሀሳቡ ይህ ነው።

መልስ 1 ምርቃት ነው። በርቺ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ ካለ በኋላ በትሕትና ይጠይቃል። ፊዚዮሎጂስት ሐኪም ነው? ወይስ ወጌሻ ነገር? ብዙ ሰው በልቡ ያለውን ነው የጠየቀው።

መልስ 2 የጤና ጣቢያ ሐኪም ነው። ፊዚዮሎጂ ጤነኛ አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠና ትምህርት ነው አለ። መምህሩ በሽተኛ አያክምም፤ የሚያክሙትን ያስተምራል። ከተማሪነቱ ዘመን ያልረሳውንም ነገር ጨመረ። የእንቁራሪት የባት ጡንቻ ከነነርቩ ይወጣል፣ በክር ይታሰራል፣ ኤሌክትሪክ ይነካዋል። ጡንቻው ሲኮማተር ክሩ ብዕሯን ይስባታል፣ ብዕሯም በሚዞረው ወረቀት ላይ መስመር ታወጣለች። ደጋግሞ ሲነካ መስመሩ እያጠረ፣ እያጠረ ይመጣል። ጡንቻው ደክሟል ማለት ነው። ድካም በወረቀት ላይ እንደሚታይ ያን ቀን አወቅሁ ብሏል። ስለ ሥራ ዕድገቱም ሳይሸፋፍን ነገራት። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት፣ ወደ ተባባሪ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሚወስደው የታተመ ምርምር ነው። ማስተማር ብቻውን አያደርስም። ርዕስ መምረጥ የእንጀራ ጉዳይም ነውና በደንብ አስቢበት አላት።

መልስ 3 ቆጣ ብሎ መጣ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ አይቷል። በወባ ወቅት አልጋ ጠፍቶ ልጆች መሬት ላይ ሲተኙ አይቷል። በሺዎች መካከል አንድ ልጅ ለሚይዝ፣ መድኃኒት ለሌለው በሽታ የአንድ ምሁር ዕድሜ ማውጣት ለዚህች አገር ቅንጦት ነው አለ። አነጋገሩ ቢከብድም የተናገረው ያየውን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ልብ የለህም ብሎ ማለፍ አይገባም።

መልስ 4 ላይ ክሩ መልኩን ቀየረ። የጻፈችው እዚያው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት። ከ3ኛው መላሽ ጋር ክርክር አልገጠመችም። የልጇን ነገር ብቻ ነገረችው።

ልጁ ዘግይቶ ነው ድክ ድክ ያለው። ሲሄድም በጣቱ ነበር። ባቱ ግን ደንደን ያለ፣ የሞላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይህስ ኳስ ተጫዋች ይወጣዋል ይላት ነበር። 5 ዓመት ሲሞላው ደረጃ ከበደው። ከመሬት ሲነሣ የሚያደርገውን ቀስ ብላ አንድ በአንድ ጻፈችው። መጀመሪያ በሆዱ ይገለበጣል። በእጁና በጉልበቱ ይሆናል። እግሮቹን ከፈት አድርጎ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሣል። ከዚያ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ሌላውንም ይደግማል። እጆቹን ወደ ጭኑ እያወጣ፣ ገላውን በገዛ እጁ እየገፋ ይቆማል። ቆሞም ወዲያው አይሄድም፤ ትንሽ ይተነፍሳል። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሲወድቅ ሰነፍ ተባለ። አንድ ክሊኒክ ቫይታሚን ሰጠው። ሌላው ጋ የደም ምርመራው ጉበቱ ታሟል አለና ለወራት ጉበት ሲባል ተመላለሰች። የበሽታውን ስም አዲስ አበባ ሄዳ የሰማችው ልጁ 9 ዓመት ሲሆነው ነው። ጥያቄዋ አንድ ነው። ልጄ፣ አንቺ ይህን ካጠናሽ፣ ከእኔ በኋላ የምትመጣዋ እናት እንዲህ ትንከራተታለች ወይ? አለቻት።

መልስ 5 የሕፃናት ሐኪም ነው። እናቴ ብሎ ነው የጀመረው። የገለጽሽው አነሣሥ በሕክምና የጎወርስ ምልክት ይባላል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጎወርስ በ1879 የጻፈው ነው፤ አንቺም ምንም ሳይቀርሽ ነው የጻፍሽው አላት። የባቱ ሙላት የብርታት አይደለም። የሞተውን ጡንቻ ስብና ጠባሳ እየተካው ነው። በሽታው በፈረንሳዊው ሐኪም በዱሼን ስም ይጠራል። ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱን ገደማ ይይዛል። ጉድለቱ ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ሕክምና ካላገኙ አብዛኞቹ 13 ዓመት ሳይሞላቸው መራመድ ያቆማሉ። ቀጥሎ መተንፈሻና ልብ ይደክማሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ለይቶ ጻፈ። ከሦስቱ በአንዱ ያህል ጉድለቱ ከእናት የተወረሰ አይደለም፤ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ከእናት ቢመጣ እንኳ እናትየዋ ምንም ያደረገችው የለም። ይህን ለባሎችና ለአማቶች ነው የምጽፈው አለ። እኔም እዚህ ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። በእኛ አገር ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። የዘሯ ነው ይባላል። ትዳር የፈረሰባቸው ቤቶች አሉ።

መልስ 6 የፎገራ ልጅ ነው። ይሄማ ጓያ ነው አለ። አጎቱ በድርቅ ዘመን ጓያ በልቶ እግሩ ተይዞ፣ በምርኩዝ ኖሮ ሞተ። እናቲቱ ሽሮዋን ትመርምር ሲል ደመደመ።

መልስ 7 ወዲያው አረመው፤ ትንሽ መረር ብሎ። የሰው እናት ላይ ሳታውቅ አትፍረድ አለ። ቀጥሎ የጻፈው ግን ትምህርት ነው። ጓያ የሚጎዳው ጡንቻን አይደለም፤ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ መስመር ነው። ስለዚህ እግሩ አይልምም፣ ይገትራል፤ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ እግሮቹ እየተጠላለፉ ይሄዳል። የሚይዘው በአብዛኛው ጎልማሳና ወጣት ሰውን ነው፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመጣና እዚያው ይቆማል። አይድንም፣ ግን ብዙውን ጊዜ አይብስም። ዱሼን ግን ከሕፃንነት ይጀምራል፣ እግሩን ያልማል፣ ከዓመት ዓመት ይብሳል። የጓያው መርዝ ኦዳፕ ይባላል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ነው። ጓያ ድርቁንም፣ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈርም ስለሚችል፣ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ በክፉ ዘመን የሚተርፍለት እሱ ነው። ይህን በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ያጠኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ጥናታቸው በ1990 ታትሟል። መላሹ ወደ መምህርቷ ዞሮ ልብ በይ አላት። እኚህ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ማንም ያልፈለገውን የገበሬ በሽታ ይዘው፣ ጣና ዳር ድረስ መጥተው ነው ለዓለም ያሳወቁት። አርአያ ለመፈለግ አዮዋ ብቻ አትሂጂ።

የክሩን ጥያቄ ከሁሉ በፊት የመለሰው እሱ ይመስለኛል።

ከመልስ 8 እስከ 11 ያለው ሽሮ ነው። ጓያ ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ውኃው ቢደፋ መርዙ ይቀንሳል ያለች አለች፤ ልክ ናት። እንፋሎቱ ብቻ ይሰብራል የሚል የአያት ወሬ ያነሣ አለ፤ ስህተት መሆኑን ሌላው ነገረው። ገበያ ላይ የሽምብራ ሽሮ ተብሎ ጓያ የተቀላቀለበት ይሸጣል በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተነካኩ። አንዱ ነጋዴ ኖሮ ተቆጣ። ስለ ዋጋም ተወራ። ጡንቻው ተረሳ።

በመልስ 12 ጠያቂዋ ተመለሰች። መጀመሪያ ለእናቲቱ ከአንቺ በኋላ የምትመጣዋ እናት እንደማትንከራተት ቃል ልገባልሽ አልችልም፣ ግን የምሠራው ለዚያ ነው ብላ መለሰች። ከዚያ የካምቤልን መንገድ ዘርዘር አድርጋ ተረከች። ይህን ክፍል ሳላሳጥር ባቀርበው ደስ ይለኛል።

ሰውየው ሲጀምር በሽታ አላጠናም። ጡንቻ በምን ይኮማተራል የሚል ነበር ጥያቄው። ነርቭ ሲያዘው ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ያኔ ይኮማተራል። ካልሲየሙ የሚያልፍባቸውን ፕሮቲኖች ከጥንቸል ጡንቻ አንጥሮ ማውጣት ነበር ሥራው። በ1987 ቦስተን ያለው የሉዊስ ኩንከል ቡድን የዱሼን ልጆች የጎደላቸውን ፕሮቲን አገኘና ዲስትሮፊን ብሎ ሰየመው። የሚሠራበት ዘረ መል በሰው ልጅ ላይ ከታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደል፣ 79 ክፍል አለው። ረጅም ስለሆነ የመሰበር ዕድሉም ሰፊ ነው። ግን ዲስትሮፊን ጡንቻ ውስጥ ምን ይሠራል? ያን ጊዜ አልታወቀም።

አዮዋ ላይ የጡንቻን ሽፋን ፕሮቲኖች የማንጠር ሙያ ቀድሞ ተደራጅቶ ነበር። በ1989ና በ1990 ከካምቤል ላቦራቶሪ የወጡት ጽሑፎች ዲስትሮፊን ብቻውን እንዳልሆነ አሳዩ። ስኳር ከተሸከሙ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተያይዟል። እነሱ ሽፋኑን ተሻግረው ይቆማሉ፣ ውስጡን ከውጭው ጋር ያስራሉ። መምህርቷ ለእናቲቱ ስትል በጭቃ ቤት አስረዳቻት። ዲስትሮፊን ማገሩ ነው፤ ማገር የሌለው ግድግዳ በየዝናቡ ይሰነጠቃል። ልጁ በተራመደ፣ ደረጃ በወጣ ቁጥር የጡንቻው ሽፋን ይቀደዳል። በቀዳዳው ካልሲየም ይገባል፤ ያም ጡንቻውን ይገድለዋል። በኋላም ከዚያው ሰንሰለት ሌላው ፕሮቲን ሲጎድል ሌላ ዓይነት ዲስትሮፊ እንደሚመጣ ታወቀ። ብዙ የተለያዩ የሚመስሉ በሽታዎች አንድ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ።

የጥንቸሉ ሥራ ሲሠራ ከታመመ ልጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር አይታይም ነበር አለች። ዘረ መሉ ሲገኝ ግን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀው ያ ላቦራቶሪ ነው። እኔም በዚህ አምናለሁ። መሠረታዊ ሳይንስ ለማን ይጠቅማል ብሎ በየዓመቱ ማስጨነቅ፣ ቡቃያውን እየነቀሉ ሥር አወጣ ወይ ብሎ ማየት ነው።

መልስ 13 ያ 3ኛው መላሽ ነው፤ አልተረታም። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው ግን የት ነው? አለ። በ2023 አሜሪካ ለዱሼን የፈቀደችው የዘረ መል ሕክምና ለአንድ ልጅ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። የሽምብጧ እናት ስንት እንጀራ ትጋግር? ሌላ ሰው ከሥሩ ያ መድኃኒትም ቢሆን ፈውስ እንዳልሆነ ጨመረ፤ በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ወጣቶች ከወሰዱት በኋላ በጉበት ጉዳት ሞተዋል። ይህ መልስ 14 ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ያስፈልግ ነበር። ተስፋ ሲሸጥ ዋጋውም ጉዳቱም አብሮ መነገር አለበት።

መልስ 15 ከክሩ ሁሉ ያስገረመኝ ነው። የጻፈችው አዲስ አበባ የምትሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ያደገችው ዘጌ ነው። 3ኛውን መላሽ ጋሼ ብላ በአክብሮት ነው የሞገተችው። ያ ከዲስትሮፊን ጋር የተገኘው ሰንሰለት ውስጥ ዲስትሮግላይካን የሚባል ፕሮቲን አለ። በ1998 ሁለት ነገር ታተመ። አንደኛው፣ የምዕራብ አፍሪካው የላሳ ትኩሳት ቫይረስ ሰው ሴል ውስጥ የሚገባው ይህን ፕሮቲን ይዞ ነው። ሁለተኛው፣ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን የሚሸፍኑትን ሴሎች የሚይዘው በዚሁ ፕሮቲን በኩል ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ሲበላ የእጅ ጡንቻ ይመነምናል፣ ጣት ይቆለመማል። ጋሼ፣ ይህን በሽታ አገርዎ አያውቀውም? አለችው። አዲስ አበባ ላይ ከአለርት ሆስፒታል ጎን በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተነሣው ለሥጋ ደዌ አይደለም ወይ? ለጥቂት ልጆች ሲባል የተጠና ፕሮቲን የድሃ አገር በሽታ በር ሆኖ ተገኘ። የትኛው ጥናት ቅንጦት እንደሆነ አስቀድሞ ማን ያውቃል?

ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። ክሩ በሌላ በኩል ነደደ።

መልስ 16 ጠበል ነው። አንድ አባት ዘጌ ወዳሉት ገዳማት ውሰዱት፣ ሐኪም የማይፈታውን እግዚአብሔር ይፈታዋል አሉ። በጎ ብለው ነው። መልስ 17 ግን ተሳደበ። ኋላ ቀር የሚል ቃል ወረወረ። የመድረኩ አስተናጋጆች ግማሹን አነሡበት፤ ጥሩ አደረጉ። በእናት ቁስል ላይ ቆሞ እምነቷን መርገጥ አዋቂነት አይደለም።

መልስ 18 ነርስ ናት፤ ሁለቱንም አስታረቀች። ጠበሉን ይጠመቅ፣ ይጠጣ፣ ማንም አይከለክልም። ልጁ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነ ግን ክኒኑ በድንገት እንዳይቋረጥ አለች። ይህ መድኃኒት የመራመጃውን ጊዜ የሚያራዝም ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት ያቆማሉ። በድንገት ከተተወ ያስመልሳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው። ጠበል የምትወስዱ እናቶች ክኒኑን በቦርሳችሁ ያዙ፣ ከምግብ ጋር ስጡት ብላ ጨረሰች። መልስ 16ን የጻፉት አባት አመሰገኗት፤ እኔም ለሚጠበሉት እነግራለሁ አሉ።

መልስ 19 የላቦራቶሪ ሰው ነው። መልስ 4 ላይ ወደነበረው ጉበት ተመለሰ። ጉበት ታሟል የሚያስብሉት ሁለቱ ኢንዛይሞች ከጡንቻም ይወጣሉ አለ። ጡንቻው ሲፈርስ ደም ውስጥ ይፈሳሉ፣ ወረቀቱ ላይ ጉበት ይመስላሉ። ስለዚህ አሯሯጡ የከበደው፣ ደረጃ የሚያቅተው ወንድ ልጅ በጉበት ምርመራ ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣበት ሲኬ የሚባለው፣ ከጡንቻ የሚወጣ ኢንዛይም የሚለካው የደም ምርመራ መሠራት አለበት። ዱሼን ያለበት ልጅ ላይ ሲኬ ከጤነኛው ልክ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ መቶ እጥፍ የሚደርስም አለ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚያዝዘው ሰው ማሰቡ ነው። የእናቲቱ ወራት የባከነው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ይህን አንድ መልስ ብቻ ቢያፈራ እንኳ ይበቃ ነበር እላለሁ።

መልስ 20 ፊዚዮቴራፒስት ነው። መምህርቷ ላቦራቶሪ የለኝም እንዳትል ብሎ ጀመረ። በዓለም ላይ የዱሼን መድኃኒት ሲፈተን ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ልጁ ከመሬት እስኪነሣ የሚወስድበት ሰከንድ ነው። ሌላው በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር ይራመዳል የሚለው ነው። 17 ነገሮችን አሠርቶ ከ34 ነጥብ የሚሰጥ መለኪያም አለ። ሰዓት፣ ረዘም ያለ ኮሪደር፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ምልክትና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። አንዱን ልጅ በየ6 ወሩ እየለካሽ ዓመታት ብትከተይው ያ ፊዚዮሎጂ ነው። ስለ ልምምድም ተናገረ። ቁርጭምጭሚትን በየቀኑ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ክብደት እንዳይጨምር መጠበቅ፣ ልቡን በየጊዜው በአልትራሳውንድ ማሳየት ይረዳል። ጡንቻ ያበረታል ተብሎ ክብደት ማስነሣት ወይም ደረጃ ማስሮጥ ግን ጉዳቱን ያፋጥናል።

ከዚያ ወሬው ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሄደ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ የብስክሌት ከተማ ናት፣ ለወንበር የምትመች ናት ያለ አለ። ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መተላለፊያ አነሣ። ሌላዋ የመንገዱ ሜዳነት ደጃፉ ላይ ሲደርስ ያበቃል ብላ መለሰችለት። የባንኩ ደረጃ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ፣ የባጃጁ ወለል አለ። እነዚህ 21ና 22 ናቸው፤ ለብቻቸው ክር ይገባቸዋል።

መልስ 23 አሜሪካ በዘረ መል ላቦራቶሪ የሚሠራ የጎጃም ሰው ነው። ምክሩ ቁምነገር አለው። የካምቤልን ላቦራቶሪ እዚህ ልገነባ አትበይ፤ ባሕር ዳር ብቻ የሚመልሰውን ጥያቄ ምረጪ አላት። ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከዲስትሮፊን ዘረ መል 79 ክፍሎች የትኛው እንደጎደለ ታውቆ ነው። ለምሳሌ ሴሉ 51ኛውን ክፍል ዘልሎ እንዲያነብ የተሠራው መድኃኒት ከመቶ 13 ለሚሆኑት ታማሚዎች ብቻ ይሆናል። የእኛ ልጆች ጉድለት የት የት ላይ እንደሆነ ካልተመዘገበ፣ ነገ መድኃኒቱ ቢረክስ እንኳ ለማን እንደሚሰጥ አይታወቅም። ለምርመራው ብዙውን ጊዜ ደም ይበቃል፤ ጡንቻ መቁረጥ ግድ አይደለም። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ ግን የሥነ ምግባር ፈቃድና የተጻፈ ስምምነት ይኑርሽ። ስምሽ ከጽሑፉ ግርጌ ሳይሆን ከፊት እንዲሆን ከመጀመሪያው ተዋዋይ። አማካሪ ስትመርጪ ደግሞ ኢሜይልሽን የሚመልስልሽን ምረጪ አላት። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ስንት ጎበዝ ተማሪ እሱ ላይ ወድቋል።

መልስ 24 ነከሰው። አንተ ሄደህ ቀርተህ እሷን ተቀመጪ ትላለህ? አለ። መልስ 25 ሰውየው ራሱ ነው። መሄዴን አልክድም፣ ተቀመጪ አላልኳትም፣ ለምትልከው ናሙና ግን እዚህ ሆኜ እሠራለሁ አለ። ሁለቱ ትንሽ ተጎሻሸሙ። መሄድና መቅረት ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ በየክሩ አለ፤ ማንንም ሲያሳምን አላየሁም።

መልስ 26 ያ የወረዳ ጤና ሰው ነው። አሁንም ወባና እናቶች ይቀድማሉ ብሏል። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ ምን ይዩ? ብሎ ጠየቀ። መምህርቷና የሕፃናት ሐኪሙ ተባብረው መለሱለት። 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ወንድ ልጅ። ከመሬት ሲነሣ ጉልበቱንና ጭኑን በእጁ የሚገፋ። በጣቱ የሚሄድ፣ እኩዮቹ ሲሮጡና ሲዘሉ እሱ የማይችል። ባቱ ከጭኑ ጋር ሳይመጣጠን የሞላ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ለሲኬ ይላክ። እሱም ለቀድሞ ባልደረቦቹ በስልክ እንደሚልክላቸው ጻፈ። የተከራከሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል።

ጠያቂዋ በመልስ 28 ርዕሷን አጠበበች። የልጆቹን መዝገብ ትጀምራለች። ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ ወደ ሆስፒታል የሚመጡትን፣ በቤተሰብ ፈቃድ፣ ሲነሡና ሲራመዱ እየለካች ትከተላለች። የፊዚዮሎጂ ጥያቄዋም ከዚያ ይወጣል፤ የትኛው ጡንቻ መጀመሪያ ይደክማል፣ የልብ ድካምስ መቼ ይጀምራል? እኔ በበኩሌ ይህን ርዕስ ትንሽ ነው የሚል ሰው ካለ የክሩን መልስ 4 ደግሞ ያንብብ እላለሁ። ለአንድ ሰው የሥራ ዘመን ከበቂ በላይ ነው።

ትናንት ማታ ሳየው የመጨረሻው 30ኛው ነበር። የሽምብጧ እናት ሌላ ጥያቄ ይዛ መጥታለች። ልጁ 14 ዓመት የሆናት እህት አለችው፤ እሷስ ትመርመር ወይ? የሕፃናት ሐኪሙ ከሥር መልሶላታል። መጀመሪያ የልጁ ጉድለት በዘረ መል ምርመራ ይታወቅ፣ ቀጥሎ እናቲቱ ትታይ። እህቲቱ ተሸካሚ መሆን አለመሆኗን ለማወቅ መወሰን ያለባት ግን ስታድግ፣ ተመክራ፣ ራሷ ናት። ተሸካሚ የሆኑ ሴቶች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ላይ ልብ ሊደክም ስለሚችል እናቲቱ እስከዚያው የራሷን ልብ እንድታሳይ ነገራት። የትኛው ቀን ተመላላሽ ክፍል እንደሚገኝና ምን ወረቀት ይዛ እንደምትመጣም በውስጥ መስመር ጽፎላታል።